ሦስት ቀን በአንድ ቅጥር

ቀረብ በሉማ። ከኋላ የቆማችሁም ወደ ፊት እለፉ፤ ቦታ አለ። የዛሬው ትረካዬ የሦስት ቀን ነገር ነው፤ የዓርብ፣ የቅዳሜና የእሑድ። ቦታዋም አንዲት ናት፤ በድንጋይ ቅጥር የታጠረችው አሮጌዪቱ ኢየሩሳሌም። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እግሩ የጠና ሰው፣ ሱቁ ካላዘገየው፣ ከምዕራቡ በር ገብቶ በምሥራቁ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ነው እስልምና፣ ይሁዲነትና ክርስትና ተራ በተራ ቀናቸውን ሲያከብሩ የምናየው።

ስለ ሃይማኖት ሲነሣ ሰው ሁሉ አንቀጽ ወደ መቁጠር ይሮጣል፤ እነዚህ ይህን ያምናሉ፣ እነዚያ ያንን አይበሉም ይባላል። እንዲህ ሲቆጠር የሰማሁት ሁሉ ከጆሮዬ አልፎ ልቤ አልገባም። የገባኝ የሰዉን ውሎ መጠየቅ ስጀምር ነው። ማን ቀድሞ ይነሣል? ምድጃው መቼ ይጠፋል? ሲሰግድ ወዴት ዞሮ ነው? እናንተም ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ተከተሉኝ። ዓመተ ምሕረት በጠራሁ ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም ያዙልኝ።

ከስማቸው እንነሣ። ዓርብ የምንለው ‘ዐረበ’ ከሚለው ግእዝ የወጣ ነው፤ ፀሐይ ገባች፣ ጠለቀች ማለት ነው። ሰንበት የሚገባበት ምሽት፣ ዋዜማው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ‘ቀዳሚት ሰንበት’ ከሚለው አጥሮ የቀረ ነው። እሑድ ያው አሐዱ ነው፤ አንድ፣ ፍጥረት የተጀመረበት ቀን። ዐረቡም እሑድን ‘አል አሐድ’ ይለዋል፤ ቅዳሜን ‘ሰብት’፤ አይሁዱ ‘ሻባት’። ዓርብ ላይ ብቻ ዐረቡ መንገዱን ለይቶ ‘ጁምዓ’ አለው፤ መሰብሰቢያ። ታዲያ ስሙን የሰማ ሰው ከደጁ ሳይወጣ ግማሹን ነገር ሰምቷል ማለት ነው።

ዓርብ ነው እንግዲህ። ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ነው። በደማስቆ በር ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይገባል። ሽማግሌው መስገጃውን በትከሻው ጥሎ፣ ልጁ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ቀለበት ዳቦ እየገመጠ፣ እናት የልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ። በየበሩ ወታደር ቆሟል። ከዌስት ባንክ የሚመጣው ፍልስጤማዊ አብዛኛው ያለ ፈቃድ ወረቀት አያልፍም፤ ነገር በከረረ ጊዜ ደግሞ በዕድሜ እየለዩ ወጣቱን የሚመልሱበት ቀን አለ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ቀኑን አልነገርኋችሁም።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ወደ 14 ሄክታር ይደርሳል። የወይራና የጥድ ዛፎች አሉበት። መሐሉ አካባቢ ወርቅማው ጉልላት፣ የአለቱ ጉልላት የሚባለው፣ ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ አሠርቶት በ691 ግድም የተጠናቀቀው ነው። በደቡብ ጫፍ የአቅሷ መስጊድ አለ። በሁለቱ መካከል ክብ የውኃ ገንዳ ተቀምጧል፤ ‘አል ካስ’ ይሉታል፣ ዋንጫው። ዙሪያውን የድንጋይ መቀመጫዎች አሉት። እዚህ ላይ ቆም በሉና አንድ ሰው ብቻ ተመልከቱ።

ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። በልቡ አሰበ፤ ሐሳብ የሌለበት መታጠብ ገላን ከማጽዳት አያልፍምና። እጁን እስከ አንጓው ሦስት ጊዜ ታጠበ። ተጉመጠመጠ። ውኃውን በአፍንጫው ስቦ አስወጣ። ፊቱን ታጠበ። ቀኝ ክንዱን እስከ ክርኑ፣ ቀጥሎ ግራውን። በእርጥብ እጁ ራሱን አበሰ፣ ጆሮውን አበሰ። በመጨረሻ ቀኝ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም ግራውን። ይህ ውዱእ ነው። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ሲቆም እንዲህ ነጽቶ ነው፤ ውኃ ያጣ እንደሆነ እንኳ በንጹሕ አፈር ይተካዋል።

ከዚያ አዛን፣ የሶላት ጥሪው፣ ተሰማ። አዛን በሰማችሁ ጊዜ አንድ ሐበሻ ይታወሳችሁ። ቢላል እናቱ ሐበሻዊት፣ እርሱም በመካ ባሪያ ነበር። አንድ አምላክ ብቻ ብሎ ስላመነ ጌታው በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አጋድሞ ደረቱ ላይ ድንጋይ ጫነበት። አቡበክር ገዝቶ ነፃ አወጣው። ምእመናን በምን ይጠሩ በተባለ ጊዜ ነቢዩ የመረጡት የእርሱን ድምፅ ነው። ነቢዩ ሲሞቱ ቢላል አዛን ማለት አቆመ ይባላል፤ ኸሊፋ ዑመር ወደ ሻም አገር በመጡ ጊዜ አንዴ ተለምኖ ቢጣራ፣ የቀድሞውን ዘመን የሚያስታውሱት ሁሉ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ ተብሎ ይተረካል።

ኢማሙ መስበኪያው ሚንበር ላይ ወጥቶ ኹጥባ፣ ስብከቱን፣ አሰማ። መሐል ላይ ጥቂት ቁጭ ብሎ ዳግመኛ ተነሣና ሁለተኛውን ቀጠለ። ከዚያ ሕዝቡ ተሰልፎ ሁለት ረከዓ ሰገደ፤ ሌላ ቀን ቢሆን የቀትሩ ሶላት አራት ነበር። ዓርብ ዓርብ ብዙ ሴቶች በአለቱ ጉልላት ሥር ይሰግዳሉ። ግንባር መሬት ሲነካ ያለውን ጸጥታ አስቡት፤ በሺሕ የሚቆጠር ሰው በአንድ እስትንፋስ ዝቅ ሲል።

አሁን ወዴት ዞረው እንደሰገዱ እዩ። ወደ ደቡብ ነው፣ ወደ መካ። በአቅሷ ውስጥ የሚሰግደው ሰው አለቱን በጀርባው ትቶታል። ዱሮ እንዲህ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቂብላ፣ ሲሰገድ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ኢየሩሳሌም ነበረች። ነቢዩ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ወር ያህል ፊታቸው ወደዚህች ከተማ ነበር፤ በ624 ነው ወደ መካ የዞሩት። ከተማዪቱ ግን ክብሯ አልቀረም። ነቢዩ በአንዲት ሌሊት ከመካ ወደዚህ መጥተው፣ ወደ ሰማያት ያረጉት ከዚህ አለት ላይ ነው ብሎ ሙስሊሙ ያምናል።

የዚያችን ሌሊት ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በሰማይ የታዘዘው ሶላት በቀን ሃምሳ ነበር። ነቢዩ ትእዛዙን ተቀብለው ሲመለሱ ሙሳን አገኙ፤ ክርስቲያኑ ሙሴ የሚለውን። ‘ምን ታዘዝህ?’ አላቸው። ነገሩት። ‘ሕዝብህ አይችልም፤ እኔ የእስራኤልን ልጆች አይቻለሁ፤ ተመለስና እንዲቀነስልህ ለምን’ አላቸው። ተመለሱ፤ ተቀነሰ። ሙሳ አሁንም ብዙ ነው አለ። እንዲህ እየተመላለሱ አምስት ላይ ደረሰ። አምስትም ሆኖ ዋጋው የሃምሳ ነው ተባለ። ሙስሊሙ ሱብሂ፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ እያለ በቆመ ቁጥር በዚህ ውስጥ የሙሴ ምክር አለበት። ይህን ታሪክ በተረክሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል፤ ሕዝብ መምራት ያደከመው ሽማግሌ ለሌላው ሕዝብ ሲራራ ይታየኛልና።

ከሶላቱ በኋላ ሰዉ ወደ ገበያው ተበተነ። ሱቆች ተከፈቱ። ጁምዓ ሥራ የሚፈታበት ሰንበት አይደለም፤ መሰብሰቢያ ነው። ሶላቱ ሲያበቃ ወደ እንጀራህ ሂድ የሚል ትእዛዝ ነው ያለው። ሸሃዳ፣ ሶላት፣ ዘካ፣ የረመዳን ጾም፣ ሐጅ፤ አምስቱ የእስልምና ማዕዘናት ሁሉ ሰውን ከገበያው አውጥተው መልሰው ገበያው ውስጥ የሚያስገቡ ናቸው። የዘካ ሒሳብ ሳይቀር፣ ዓመት የሞላው ቁጠባ ከአርባ አንዱ ለድኻ የሚወጣበት፣ ነጋዴ የሚገባው ሒሳብ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ በእኛ ሰዓት ማለቴ ነው። የሐበሻ ሰዓት እዚህ ላይ ይበጀናል፤ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው ሲባል ፈረንጁ አስልቶ ነው የሚደርስበት፣ እኛ ሰዓታችንን አይተን። በዚሁ ሰዓት ግድም ቡናማ ቀሚስ ለብሰው በነጭ ገመድ የታጠቁት የፍራንሲስካን መነኮሳት ዓርብ በመጣ ቁጥር የመከራውን መንገድ ይጀምራሉ። አሥራ አራት ቦታ እየቆሙ፣ እየተንበረከኩ ይሄዳሉ። መንገዱ ጠባብ ነው። ከአቅሷ የሚመለሰው ሙስሊም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ያሳልፋቸዋል። በዚያው ደረጃ ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ አይሁዳዊ ፀሐይዋ ሳትቀድመው ወደ ምዕራቡ ግንብ ይጣደፋል። ሦስቱም መንገድ ላይ ተላለፉ። ሰላም የማይባባሉበት ቀን ብዙ ነው። የሌላውን ሰዓት ግን ሁሉም ያውቀዋል።

የፀሐይዋ ነገር እንዲህ ነው። አመሻሽ ላይ በከተማው ሁሉ የሚሰማ ሲረን ይነፋል። በሌላ አገር የአይሁድ ሴቶች የሰንበትን ሻማ የሚለኩሱት ፀሐይ ልትገባ 18 ደቂቃ ሲቀራት ነው፤ የኢየሩሳሌም ልማድ ግን 40 ደቂቃ ነው። እናትዮዋ ሻማውን ለኮሰች፤ እጆቿን በብርሃኑ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ራሷ ሳበች፤ ዓይኗን ሸፍና ባረከች። ዓይኗን ስትገልጥ ሰንበት ገብቷል። ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት እሳት አይጫርም፣ እሳቱም አይጠፋም። መብራት አይበራም፣ አይጻፍም፣ ገንዘብ አይነካም። ሊቃውንቱ የተከለከለውን ሥራ 39 ዓይነት አድርገው ቆጥረውታል፤ ከማረስና ከመዝራት ጀምሮ እስከ መስፋትና መቋጠር ድረስ። የሰው ነፍስ ለማዳን ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ይሻራል፤ ሐኪሙ መኪና አስነሥቶ ይሄዳል። መሄዱም ኃጢአት አይሆንበትም፤ ትእዛዝ ነው።

ምዕራቡ ግንብ በሄሮድስ ዘመን የቤተ መቅደሱን ግቢ ለመደገፍ የተሠራ ነው። ቤተ መቅደሱን ሮማውያን በ70 አቃጠሉት፤ ግንቡ ቀረ። ከ1948 እስከ 1967 ድረስ፣ አሮጌው ከተማ በዮርዳኖስ እጅ በነበረበት ጊዜ፣ አይሁድ ወደዚህ ግንብ መድረስ አልቻሉም ነበር። ዛሬ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቷ ለብቻዋ ቆመው ይጸልያሉ። በየድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የልመና ቁራጭ ወረቀቶች ተሰግስገዋል፤ በሰንበት ግን ማንም ስለማይጽፍ የዓርብ ማታ ልመና በአፍ ብቻ ነው። ወጣቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እየዘፈኑ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ይቀበሏታል።

ቤት ሲገቡ ማዕዱ ላይ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ለምን ሁለት? እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ዓርብ ዓርብ መናው እጥፍ ይወርድ ስለነበር ነው። አባት በወይኑ ላይ ባርኮ ዳቦውን ቆርሶ ጨው አስነክቶ ያድላል። ይሁዲነት ምን ያምናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ወደዚህች ገበታ ነው የምወስዳችሁ። አንድ አምላክ አለ፤ ከአብርሃም ጋር ቃል ኪዳን ገባ፤ ሕዝቡን ከግብፅ አወጣ፤ በሲና ሕግ ሰጠ። ሕጉ በቃል ብቻ አልቀረም፤ በዳቦው ቁጥር፣ በሻማው ደቂቃ፣ በበሩ መቃን ላይ በተሰካችው ብራና ውስጥ ገባ። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ መሠዊያው ገበታ ሆነ ይላሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን ልምጣ። ከጎንደርና ከሰሜን፣ ከትግራይም የሄዱት ቤተ እስራኤል ይህን ሰንበት በሌላ መልክ ነበር የሚጠብቁት። በአገራቸው ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ምድጃው ይጠፋል። ሻማ የሚባል ነገር የለም፤ እሳት ሁሉ ይጠፋልና። ሴቶቹ ወንዝ ወርደው ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ይመለሳሉ። ቀድሞ የተጋገረውን ዳቦ ቄሱ በጸሎት ቤቱ ባርኮ ይቆርሰዋል። ወጡ ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። መጽሐፋቸው ኦሪት በግእዝ ነው፤ ‘ትእዛዘ ሰንበት’ የሚባል ሰንበትን እንደ ንግሥት የሚያከብር መጽሐፍም አላቸው። እስራኤል ሲገቡ ሻማ ለኩሱ ተባሉ፤ አንዲት አሮጊት በሰንበት የሚነድ እሳት ቤቷ ውስጥ ስታይ ምን እንደተሰማት አስቡት። ምድጃ ማጥፋትን ከእናቷ የተማረች ሴት ናት።

ልብ በሉ፤ ቤተ እስራኤል ጸሎት ቤታቸውን ‘መስጊድ’ ነበር የሚሉት። ከማስተሰረያው ቀን፣ ከዮም ኪፑር፣ በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚያከብሩት በዓል ‘ስግድ’ ይባላል፤ ቄሶቹ ባለ ዘርፍ ጥላ ይዘው፣ ሕዝቡ ጾሞ ኢየሩሳሌምን በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ይቆማል። ከ2008 ጀምሮ በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። ክርስቲያኑ በሕማማት ‘ስግደት’ ይሰግዳል። ሙስሊሙ ‘ሱጁድ’ ይወርዳል። ሁሉም ከአንድ ሥር የወጣ ቃል ነው፤ ሰ፣ ገ፣ ደ። በአማርኛ የሚያስብ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይሻም።

ቅዳሜ ከተማው ጸጥ ይላል። ከተማ ስል በምዕራብ ያለውን አዲሱን ማለቴ ነው፤ በአሮጌው ውስጥ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሱቅ ክፍት ነው፤ የአይሁዱ ሰፈር ግን የሕፃናት ድምፅ ብቻ ይሰማበታል። ማታ ሦስት ኮከብ ሲታይ ሰንበት ይሸኛል። ተገምዶ የተሠራ ሻማ ይለኮሳል፤ ሁሉም እጁን ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ ጥፍሩን ያያል። ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት ዕቃ እየዞረ ይሸተታል፤ ሰንበት ስትወጣ ነፍስ እንዳትዝል ነው። ሻማው ወይን ውስጥ ገብቶ ‘ጭስስ’ ብሎ ይጠፋል። ሳምንቱ ጀመረ።

ግን ቅዳሜን የሚያከብረው አይሁዱ ብቻ አይደለም። በዚያው ቅጥር ውስጥ፣ በአንድ ጣሪያ ላይ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ቅዳሜንም ሰንበት ብለው ይጠብቃሉ። ይህ በቀላል የተገኘ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ በማለታቸው ተሰደዱ፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜን ማክበር እንደ አይሁድ መሆን ነው ትል ነበር። በዚህችው ኢየሩሳሌም አልፈው እስከ አርመን አገር ሄዱ፤ በ1352 እዚያው ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን አልተዉም። መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሠርተው ቅዳሜና እሑድ እኩል ይከበሩ ተባለ። ቅዳሜን ‘ቀዳሚት ሰንበት’ ስንል የአንድ ስደተኛ መነኩሴ ድካም በአፋችን ነው።

ጣሪያው ዴር ሱልጣን ነው። ከጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ከቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ራስ ላይ። የታችኛው ቤት ጉልላት ከግቢው መሐል ብቅ ብሎ ይታያል። ዙሪያውን ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው ጎጆ የሚመስሉ የጭቃ ክፍሎች አሉ። አንዲት የወይራ ዛፍ አለች፤ ይስሐቅን የተካው በግ የተገኘባት ዕፀ ሳቤቅ ናት ይላሉ መነኮሳቱ። በ1838 ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ጨረሳቸው፤ መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ቁልፉ ወደ ግብፆቹ ወደ ኮፕቶች ሄደ። በ1970 በፋሲካ ሌሊት የሁለቱ ጸሎት ቤቶች፣ የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል፣ ቁልፍ ተለውጦ ወደ ኢትዮጵያውያን ተመለሰ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ። በ2002 የበጋ ሙቀት አንድ የኮፕት መነኩሴ ወንበሩን ወደ ጥላ ሳብ አደረገ፤ ከተፈቀደለት ቦታ አለፈ ተባለ፤ ድንጋይ ተወራወሩ፤ አሥራ አንድ ሰው ሆስፒታል ገባ። አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ጥምቀት፣ አንድ የተዋሕዶ እምነት ያላቸው ወንድማማች ናቸው። ይህን ስተርክ ያመኛል፤ ስለሚያመኝ ግን አልደብቀውም።

ከጣሪያው ሥር ያለው ቤተ ክርስቲያን በስድስት ማኅበር የተያዘ ነው፤ ግሪክ፣ ላቲን፣ አርመን፣ ኮፕት፣ ሶርያ፣ ኢትዮጵያ። ማን የትኛውን ደረጃ እንደሚጠርግ፣ ማን የትኛውን መብራት እንደሚለኩስ ከኦቶማን ሱልጣኖች ትእዛዝ ወዲህ፣ ከ1757ና ከ1852 ጀምሮ፣ እንደነበረ ይቀጥላል። ከበሩ በላይ ባለው መስኮት ሥር አንዲት አነስተኛ የእንጨት መሰላል ቆማለች፤ በ1728 በተሣለ ሥዕል ላይ እንኳ ትታያለች። ማንም ብቻውን ሊያነሣት አይችልም።

ስድስት ወንድማማች ካልተማመኑ ቁልፉን ማን ይያዝ? ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ይዘውታል፤ የጁዴህ ቤተሰብ ቁልፉን ይጠብቃል፣ የኑሰይባ ቤተሰብ በሩን ይከፍታል። ኑሰይባዎች ነገሩን እስከ ኸሊፋ ዑመር ያደርሱታል። ዑመር ከተማዪቱን ሲረከቡ ፓትርያርክ ሶፍሮንዮስ በመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሰግዱ ጋበዛቸው፤ እርሳቸው ግን ‘እዚህ ብሰግድ ከእኔ በኋላ የሚመጡት ዑመር የሰገደበት ነው ብለው ይወስዱባችኋል’ ብለው ከውጭ ሰገዱ ተብሎ ይተረካል። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በስማቸው የቆመ መስጊድ አለ።

ቅዳሜ ማታ በሩ ተዘጋ። ውስጥ የቀሩት መነኮሳት ተቆልፎባቸው ያድራሉ። ሌሊቱን ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ላቲኑ በየተራው በባዶው መቃብር ላይ ይቀድሳል። ባዶ ያልሁት ለዚሁ ነው፤ የክርስትና ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ባዶነት ላይ ነው። አምላክ ሰው ሆነ፣ ዓርብ ተሰቀለ፣ ተቀበረ፣ እሑድ ማለዳ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ክርስቲያኑ ሰንበቱን ወደ እሑድ ያመጣው ስለዚህ ነው፤ ዕረፍት በሕግ ሆኖ የወጣው ኋላ፣ ቆስጠንጢኖስ በ321 ካወጀ ወዲህ ነው። መቃብሩን ሁሉም የሚፈልጉት እዚህ አይደለም፤ ከፕሮቴስታንቶች ብዙዎቹ ከደማስቆ በር ውጭ ባለው የአትክልቱ መቃብር፣ ዛፍ ሥር በተደረደረ አግዳሚ ተቀምጠው መዝሙር ይዘምራሉ።

የሚቆረሰው ኅብስት እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። ላቲኑና አርመኑ ያልቦካ ኅብስት ያቀርባሉ፤ ግሪኩና የእኛዎቹ የቦካ። በጣሪያው ላይ ወይኑ ከዘቢብ ታሽቶ የተጨመቀ ነው። በኢየሩሳሌም ሰው ቤት የሚሠሩ፣ አረጋውያን የሚጦሩ ሴቶች ቅዳሜ ማታ ነጠላቸውን አጥበው፣ ከቀትር ጀምረው ጾመው፣ ሌሊት ደረጃውን ወጥተዋል። ካህናቱ በግእዝ ይቀድሳሉ። ጽናጽል ይሰማል። አምስቱ አእማደ ምሥጢር የሚባሉት፣ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቍርባን፣ ትንሣኤ ሙታን፣ ልጅ ሆነው በቃል ያጠኗቸው እዚህ ሥጋና ደም ሆነው ይቀርቡላቸዋል።

አሁን ወደ በሩ ውረዱ። ገና አልነጋም። አደባባዩ ባዶ ነው፤ ድንጋዩ በጤዛ ረጥቧል። ሱብሂ ላይ ከመስጊዱ ሚናሬት አዛን ተሰምቷል። ሙስሊሙ በረኛ መጣ፤ የብረቱ ቁልፍ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። በሩን አንኳኳ። ከውስጥ መነኩሴው በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፍቶ መሰላል አሾልኮ ሰጠው። በረኛው የታችኛውን ቁልፍ ከፈተ። መሰላሉን ደግፎ ወጣና የላይኛውን ከፈተ። ወረደ፤ መሰላሉን በመስኮቲቱ መልሶ ለመነኩሴው አቀበለው። ከባዱ በር በማጠፊያው ላይ እየጮኸ ዞረ።

ከጣሪያው ነጭ የለበሱት ሴቶች በሁለቱ ጸሎት ቤቶች በኩል እየወረዱ ነው። የበሩን መቃን በቀኝ ተሳልመው፣ በግራም ተሳልመው ገቡ። በረኛውም ከመግቢያው በስተግራ ባለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አስተካከለ።